የፍየል ወተት ለምን ይሸታል?

ኮን የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የምትገኘው በሰሜን ወሎ ነው። ከጋሸና ወደ ወገል ጤና የሚወስደው መንገድ በእርሷ በኩል ያልፋል። አገሩ ደጋ ነው። ሜዳው ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ያበቅላል። ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ሰው ከሜዳው ጫፍ ሲደርስ ግን መሬቱ ድንገት ያልቅበታል። ከዚያ ወዲያ ገደል ነው። በዋድላና በደላንታ መካከል ያለው የጅጣ ሸለቆ እንዲህ ነው። በሜዳው ላይ በግ ይበዛል። በገደሉ አፋፍና ቁጥቋጦ ባለበት ሁሉ ደግሞ ፍየል አለች።

ፍየል ቅጠል ትወዳለች። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ይባል የለም? ላም ሣር ካጣች ትከሳለች፤ ወተቷም ይነጥፋል። ፍየል ግን ላም በማትወጣበት ገደል ትወጣለች። ላም የማትነካውን እሾኻም ቁጥቋጦ ቀንጥባ ታድራለች። ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ክፉ ድርቅ አይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ፊት የሚወድቀው ከብት ነው። ፍየል ቆየት ትላለች።

ይህች እንስሳ ወተት አላት። ብዙ ግን አይደለም። የአገራችን ፍየል በቀን የምትሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሊትር አይበልጥም። ግማሽ ሊትር ማለት ሁለት ትልልቅ ብርጭቆ ነው። ሁለት ብርጭቆ ወተት ለትልቅ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል። እንጀራና ሽሮ ብቻ ለሚበላ የሦስት ዓመት ልጅ ግን ትልቅ ነገር ነው። አጥንቱን ያጠነክራል፤ ሥጋ ያበቅልለታል።

ነገር ግን በብዙ ቤት ይህ ወተት አይጠጣም። ለምን? ቢባል መልሱ አንድ ነው። «ይሸታል!» «ፍየል ፍየል ይላል!» ልጁ አንድ ጊዜ ይቀምስና ፊቱን ያዞራል። እናቲቱም ሁለተኛ አታልብም። ከዚያ ወዲያ ቤተሰቡ ላም እስኪገዛ ይጠብቃል። የላም ዋጋ ደግሞ የሚቀመስ አይደለም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይኸው ነው። ወተቷ የሚታየው ፍየል እደጅ ታስራ!

ነገሩ ያስገርማል። የፍየል ሥጋ ለበዓል ይፈለጋል። የፍየል ቆዳ ተፍቆና ተወጥሮ ብራና ይሆናል። በላስታና በዋድላ አብያተ ክርስቲያናት ያሉት የጥንት መጻሕፍት የተጻፉት በብራና ላይ ነው። ቆዳዋ ቅዱስ መጽሐፍ ሲሸከም ኖሯል። ወተቷ ብቻ ተናቀ።

ወተቷ የተናቀው ግን በሁሉም ቦታ አይደለም። ከላስታ ወደ ሰሜን ሲኬድ ዋግ ኽምራ አለ። በዚያ በኩል ያለው የፍየል ዘር የአበርገሌ ፍየል ይባላል። የአበርገሌ ሰው ፍየሉን ያልባል፤ ወተቷን ይጠጣል፤ ከወተቷም ቅቤ ያወጣል። ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ቢወረድ የአፋር ሰው የፍየል ወተት ይጠጣል። እነዚህ ሰዎች አፍንጫ የላቸውም ማለት ነው? አላቸው። ወተቱን መያዝ ስለሚያውቁ ነው እንጂ።

እኛ የምንለው ይህ ነው። ሽታው በአብዛኛው ከፍየሏ አይመጣም። ከምትበላው፣ ከምትታለብበት ቦታ፣ ከዕቃው፣ ከአቀማመጡ ይመጣል። ጥቂቱ ብቻ የፍየሏ የራሷ ነው።

በወተቱ ውስጥ ምን አለ?

ወተት ውኃ ብቻ አይደለም። በውስጡ ቅባት አለ። ቅባቱ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ እንክብሎች ሆኖ በወተቱ ውስጥ ተበትኗል። እያንዳንዱ እንክብል ስስ ሽፋን አለው። እንቁላል በቅርፊቱ እንደሚሸፈን ማለት ነው። ሽፋኑ ደኅና እስከሆነ ድረስ ቅባቱ አይሸትም። አሁን የታለበ፣ በንጹሕ ዕቃ የተያዘ የፍየል ወተት ጣፋጭ ነው። ከላም ወተት ለመለየት ይቸግራል።

ሽፋኑ ሲፈርስ ነው ጣጣው የሚመጣው። በወተቱ ውስጥ ቅባት የሚቆራርጥ አንድ ነገር አለ። የሳይንስ ሰዎች ሊፔዝ ይሉታል። ሽፋኑ ሲፈርስ ሊፔዝ ወደ ቅባቱ ይገባና ይቆራርጠዋል። ከተቆራረጠው ቅባት ውስጥ አሲዶች ይወጣሉ። «ፍየል ፍየል» የሚለው ሽታ የእነዚህ አሲዶች ሽታ ነው። ሦስቱ ዋና ዋናዎቹ ካፕሮይክ፣ ካፕሪሊክና ካፕሪክ ይባላሉ። ስማቸው አፍ ያስይዛል፤ ትርጉሙ ግን ቀላል ነው። ላቲን በሚባለው በጥንት የሮማውያን ቋንቋ ፍየል «ካፕራ» ትባላለች። አሲዶቹ የተሰየሙት በፍየል ስም ነው። በላም ወተትም አሉ። በፍየል ወተት ግን ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናሉ። ስለዚህ የላም ወተት በክፉ አያያዝ ትንሽ ይሸታል። የፍየል ወተት በዚያው አያያዝ ብዙ ይሸታል። የላም ወተት ቻይ ነው፤ የፍየል ወተት ኩርፍተኛ ነው።

ሁለት ኩባያ

ሽታው ከየት እንደመጣ የሚለይ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ገንዘብ አያስወጣም።

ማታ ስታልቡ የአንዷን ፍየል ወተት ለብቻው ያዙ። ከሌላው ጋር አትቀላቅሉት። ከዚያም ለሁለት ክፈሉት። አንዱን ወዲያው አፍሉትና በንጹሕ ኩባያ ከድናችሁ አስቀምጡት። ሁለተኛውን ግን እንደ ልማዳችሁ፣ ሁልጊዜ በምታስቀምጡበት ዕቃ፣ ሳታፈሉ አሳድሩት። ጠዋት እርሱንም አፍሉት። ከዚያ ሁለቱን ቅመሱ። ማን የትኛው እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ብታቀምሱት ደግሞ ይበልጣል።

እንበል፣ አንዲት ምራት ሁለቱን ኩባያ ለአማቷ አቀረበች።

«እማማ፣ እስቲ አንቱ ቅመሱልኝ። የፍየል ሽታ ያለበት የቱ ነው?»

«ይኸኛው ነዋ! ይኸ የፍየል ነው። ያኛው የላም ነው። ከማን ቤት አመጣሽው ልጄ?»

«ሁለቱም የቦራ ናቸው፣ እማማ። ያኛውን ማታ ወዲያው አፍልቼ ነው ያሳደርሁት። ይኸኛው በጀሪካኑ ያደረ ነው።»

«እንግዲያማ ፍየሉ ጀሪካኑ ነዋ!»

አማቲቱ ልክ ናቸው። ወዲያው የፈላው ደኅና ሆኖ ያደረው ከሸተተ ጥፋቱ የአያያዝ ነው። ከታለበ በኋላ የመጣ ነው። ያደረው ሲፈላ ተቆራርጦ አይብ ከመሰለም ያው ነው፤ ኮምጥጧል ማለት ነው።

ወዲያው የፈላውም ቢሆን ከሸተተ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወተቱ ከጡቷ ሲወጣ ጀምሮ ሽታ አለው ወይም ሲታለብ ሽታ ገብቶበታል። ያን ጊዜ ምን እንደበላች፣ የት እንደታለበች፣ ጡቷ ጤነኛ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ፈተናውን በየፍየሏ አድርጉት። አምስት ፍየል ካላችሁ አራቱ ደኅና ሆነው አንዷ ብቻ የአምስቱን ወተት ታበላሽ ይሆናል።

የበላችው ቅጠል

በኮን ዙሪያ ባለው ገደልና ዳገት ሽታ ያለው ቅጠል ሞልቷል። ጭቁኝ አለ። ጦስኝ አለ። ወረድ ሲባል ግራዋ አለ፤ መራራ ነው። በጓሮ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት፣ ጎመን ዘርና አብሽ ይገኛል። ፍየል እነዚህን ስትበላ ሽታቸው ወደ ወተቱ ይገባል።

እንዴት ይገባል? በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በሆዷ ነው። ቅጠሉ በሆዷ ሲፈጭ ሽታው ወደ ደሟ ያልፋል። ደሟ ወደ ጡቷ ይሄዳል። ወተት የሚሠራው ከደም ነው። ሁለተኛው መንገድ አፍንጫዋ ነው። ሽታውን ስትምግ በሳንባዋ በኩል ወደ ደሟ ይገባል። ይህኛው መንገድ ፈጣን ነው። ሽንኩርት በተከመረበት ጎተራ አጠገብ ያደረች ፍየል አንድ ቅጠል ሳትበላ ወተቷ ሽንኩርት ሊሸት ይችላል።

መልካሙ ነገር ሽታው አለመቆየቱ ነው። በሰዓታት ውስጥ ከደሟ ይወጣል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ምን በላች ብቻ አይደለም። መቼ በላች የሚለው ይበልጣል።

በአገራችን ፍየል ቀን ሙሉ ትሰማራለች። ማታ ስትገባ ወዲያው ትታለባለች። ሆዷ በጭቁኝና በግራዋ እንደተሞላ ማለት ነው። የማታው ወተት ያንን ሁሉ ይዞ ይወጣል። ሌሊት ግን ታመሰኳለች እንጂ አዲስ ቅጠል አትበላም። የጠዋቱ ወተት ከሽታው የጸዳ ይሆናል። የማታና የጠዋት ወተት እያፈላችሁ ብታወዳድሩ ልዩነቱን ታገኙታላችሁ። ማታ እየሸተተ ጠዋት የማይሸት ከሆነ ጥፋቱ የቅጠል ነው።

እረኛውን «ጭቁኝ አታስበላ» ማለት ከንቱ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ሃያ ፍየል ይዞ በገደል አፋፍ ላይ የቱን ቅጠል ይመርጥላቸዋል? የእኛ ምክር ሌላ ነው። የማታውን ወተት ለግልገሏ ተዉላት። ግልገሏ አትጠየፍም። ከዚያ ሌሊት ግልገሏን ከእናቷ ለይታችሁ አሳድሯት። ጠዋት ለልጃችሁ አልቡ። ይህ ሲሆን ልጁ ጥሩውን ወተት ያገኛል፤ ግልገሏም አትጎዳም። ጠዋትም ቢሆን አንዱን ጡት ብቻ አልባችሁ ሌላውን ለግልገሏ መተው ይቻላል። ግልገል ገና በወለደች ሰሞን ግን ለሰው ማለብ አይገባም። የመጀመሪያው ወተት እንገር ነው። ግልገሏን ከበሽታ የሚጠብቃት እርሱ ነው።

የማታውን ወተት የግድ የምትፈልጉ ከሆነ ፍየሏን ቀደም ብላችሁ መልሷት። ከመታለቧ በፊት አራት አምስት ሰዓት ያህል የገብስ ገለባ ወይም ድርቆሽ ብቻ ትብላ። አተላም ብትሰጧት ከታለበች በኋላ ይሁን። አተላ ያሰባታል፤ ከመታለቧ በፊት ከሆነ ግን ሽታውን ይዞ ይመጣል። አብሽም እንደዚሁ ነው።

ስለ ጦስኝ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ጦስኝ በሻይ አፍልቶ የሚጠጣ ሰው ጦስኝ ጦስኝ የሚል ወተት ላይጠላ ይችላል። ሽታ ሁሉ ክፉ አይደለም። ቀምሶ መፍረድ የባለቤቱ ነው።

ጨው ጨው የሚል ወተት

ወተቱ ከመሽተት ይልቅ ጨው ጨው ካለ ጡቷን ተመልከቱ። አንዱ ጡት ከሌላው ይተልቃል? ይሞቃል? ስትነኩት ትራገጣለች? ጡት ሲታመም የደሟ ጨው ወደ ወተቱ ይሾልካል። ለዚህ ነው የሚጨውየው።

ሳይብስ ማወቂያው እንዲህ ነው። ማለብ ስትጀምሩ የመጀመሪያውን ሁለት ሦስት ጭማቂ በጥቁር ጨርቅ ወይም በጥቁር ሸክላ ላይ ጭመቁት። ወተቱ ነጭ ስለሆነ በጥቁር ላይ ሁሉ ነገር ይታያል። የተቋጠረ ነገር፣ ክር የመሰለ ነገር ወይም ደም ካለ ታማለች። ያን ወተት ለልጅ አትስጡ። ከሌላውም ጋር አትቀላቅሉ። ፍየሏን በመጨረሻ አልቧት፤ እጃችሁንም ታጠቡ። በሽታው በአላቢ እጅ ወደ ሌላዋ ይተላለፋል። ለእንስሳት ጤና ባለሙያም አሳዩዋት። መድኃኒት ከተወጋች ባለሙያው የተናገረው ቀን እስኪያልፍ ወተቷ አይጠጣም።

ፍየል ልትነጥፍ ስትልም ወተቷ ትንሽ ጨው ይላል። ይህ በሽታ አይደለም። ወቅቱ ነው።

ወጠጤውን አርቁ

ወጠጤ ምን እንደሚሸት መንገር አያስፈልግም። ከነፋስ በታች የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። ሽታው የሚወጣው ከቀንዱ ሥር ካሉ ዕጢዎች ነው። እንስቶቹን በሚፈልግበት ወቅት ደግሞ ጢሙና የፊት እግሩ ላይ ይሸናል። ለእንስቶቹ ሽቶ ነው አሉ! ይህ ሽታ በእንስቶቹ ጠጉር ላይ ይለጠፋል። ከጠጉራቸው በአላቢዋ እጅና ቀሚስ ላይ ያልፋል። ከዚያ ተከፍቶ ወደ ተቀመጠው ማለቢያ ይገባል። ወተት ሽታ ይስባል።

ስለዚህ በማለቢያ ሰዓት ወጠጤው ሌላ ቦታ ይታሰር። ለዘር የማይፈለገው ይኮላሽ፤ ሙክቱ ለገበያም ይሻላል። ማለቢያውም ከበረቱ ውስጥ ወጣ ይበል። በጠጠርና በደረቅ መሬት ላይ ማለብ እበትና ሽንት ባለበት ከማለብ ይሻላል። ጡቷን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ አብሱ። የሆዷን ጠጉርና አቧራ አራግፉ። አንድ የፍየል በጠጥ ማለቢያ ውስጥ ከገባ ወተቱ የዚያን ቀን አለቀለት።

ቅልና ጀሪካን

አያቶቻችን ወተት የሚይዙት በቅል ነበር። ቅሉን አጥበው በወይራ ጭስ ያጥኑታል። አሁንም የሚያጥኑ አሉ። የወይራ ፍልጥ ይነድና ፍሙ በቅሉ ውስጥ ይገባል። አፉ ተከድኖ ይወዘወዛል። ከዚያ ፍሙ ይደፋል፤ አመዱም በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል። ይህ ጭስ ሁለት ሥራ ይሠራል። ለወተቱ ጥሩ መዓዛ ይሰጣል። ወተት የሚያኮመጥጡትን ጀርሞችም ያዳክማል። ጀርም ማለት በዓይን የማይታይ ትንሽ ሕይወት ያለው ነገር ነው። የወይራ መዓዛ ያለው የፍየል ወተት ለማያውቅ ሰው ቢሰጥ የፍየል መሆኑን ብዙዎች አይለዩም።

ማጠን ግን ማጠብን አይተካም። በቆሸሸ ቅል ላይ ወይራ ማጨስ በላብ ላይ ሽቶ እንደመቀባት ነው።

ጀሪካን ዛሬ በየቤቱ አለ። ለውኃ ደግ ዕቃ ነው። ለወተት ግን አንወደውም። አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባም። ውስጡ ሲጫጫር ቅባት በጭረቱ ውስጥ ይቀራል። ያ የቆየ ቅባት በነጋታው የሚገባውን ወተት ያበላሻል። ላምባ የነበረበት ጀሪካንማ ምን ቢታጠብ አይሆንም። አፈ ሰፊ የሆነ፣ እጅ የሚያስገባ ዕቃ ይሻላል። የዛገ ጣሳና የመዳብ ዕቃም ይቅር። ዝገትና መዳብ ቅባቱን ያሻግቱታል።

ዕቃውን ስታጥቡ መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ አለቅልቁት። ወዲያው የፈላ ውኃ ከገባበት የወተቱ ትራፊ በዕቃው ላይ ይጋገራል። ለብ ባለው ካለቀለቃችሁ በኋላ በሙቅ ውኃና በሳሙና እሹት። በመጨረሻም ደፍታችሁ ፀሐይ አስመቱት። በግራዋ ቅጠል የምታሹም ደግማችሁ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። የግራዋ ምሬት ከቀረበት ወተቱም ይመራል።

ፀሐይ ለዕቃ ጥሩ ናት፤ ለወተት ግን ጠላት ናት። ፀሐይ የመታው ወተት የተለበለበ የዶሮ ላባ ይሸታል። ከድናችሁ በጥላ አኑሩት።

ከሁሉ ይልቅ ወተቱን ቶሎ ማቀዝቀዝ ነው። በዚህ ኮን ታድላለች። በትልልቅ ከተማ ሰው ወተት ለማቀዝቀዝ ፍሪጅ ይገዛል፤ መብራትም ይከፍላል። በደጋ ግን ሌሊቱ በነጻ ያቀዘቅዛል። ወተቱን አጥልላችሁ፣ ዕቃውን ከድናችሁ፣ በቀዝቃዛ የምንጭ ውኃ ውስጥ አቁሙት። አሁን የታለበውን ሙቅ ወተት ከቀዘቀዘው ጋር አትቀላቅሉ። መጀመሪያ ይቀዝቅዝ። ከመናጡ በፊትም አትወዝውዙት። ቅድም ያልነው ስስ ሽፋን የሚፈርሰው በመወዝወዝ ነው። ትኩስ ወተት በአህያ ጭኖ ዳገት መውጣት ሽታውን ራስ ጠርቶ ማምጣት ነው።

ማፍላት

የፍየል ወተት ሳይፈላ አይጠጣ። ይህን አጥብቀን እንናገራለን። ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ አለ። ፍየሎችን ያስወርዳቸዋል። በወተቱ በኩል ወደ ሰው ይተላለፋል። የያዘው ሰው ትኩሳት ይመጣበታል፤ ይተወዋል፤ ተመልሶ ይመጣል። ሌሊት ያልበዋል። መገጣጠሚያው ይቆረጥመዋል። ወባ ነው እየተባለ ወራት ሊያልፍ ይችላል። የጨነገፈ ግልገልም በባዶ እጅ አይነካም፤ በሽታው በዚያም ይተላለፋል።

«ሲፈላ ጣዕሙ ይጠፋል» የሚል አለ። ጥቂት ይለወጣል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ማፍላት ሊፔዝንም ያጠፋዋል። ስለዚህ ቶሎ የፈላ ወተት ቆይቶም አይሸትም። የሚጨስ እንጨት አትጠቀሙ፤ እሳቱን አታብዙ፤ እያማሰላችሁ አንድ ጊዜ ገንፍሎ ሲነሣ አውርዱት። እንደ ኮን ባለ ከፍተኛ አገር ውኃም ወተትም የሚፈላው መቶ ዲግሪ ሳይደርስ ነው። ይህም ቢሆን ጀርሙን ለመግደል ይበቃል።

እርጎ የሚወድም ቢሆን አፍልቶ፣ ለብ ሲል ከጥሩ እርጎ ጥቂት እርሾ ይጨምርበት። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ግን የእናቱ ጡት ብቻ ነው። የፍየል ወተት የእናት ጡት አይተካም።

ጾም ሲገባ ወተቱ ለሕፃናት ይሆናል። የተረፈው ይጠራቀምና ይናጣል። ያን ጊዜ ቅቤው ነጭ ሆኖ ቢወጣ አትደንግጡ። የላም ቅቤ ቢጫ የሚሆነው ከሣሩ በሚመጣ ቀለም ነው። ፍየል ያንን ቀለም በሰውነቷ ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ ትለውጠዋለች። ቫይታሚን ኤ ለልጅ ዓይን የሚጠቅም ነገር ነው። በፍየል ወተት ላይ ቅባቱ ቶሎ የማይሰፍረውም እንክብሎቹ ደቃቅ ስለሆኑ ነው። ወተቱ ውኃ ተጨምሮበት አይደለም።

ከዘሯ ሲሆንስ?

ዕቃው ንጹሕ ሆኖ፣ ጡቷ ጤነኛ ሆኖ፣ ገለባ ብቻ በልታ፣ ወዲያው የፈላው ወተቷ የሚሸት ፍየል ትኖር ይሆን? አዎን፣ ትኖራለች። ጥቂት ናቸው እንጂ አሉ። ኖርዌይ በምትባል በሰሜን አውሮፓ ባለች ብርዳም አገር ይህ ችግር በርትቶ ነበር። የብዙ ፍየሎቻቸው ወተት ይጎመዝዝ ነበር። ሊቃውንቱ ሲመረምሩ ነገሩ በዘር የሚተላለፍ ሆኖ ተገኘ። የወተቱን ሥሪት የሚወስን አንድ ነገር በፍየሎቹ ዘር ውስጥ ጎድሎ ነበር። ስለዚህ ያ ጉድለት የሌለባቸውን አውራዎች እየመረጡ ማራባት ጀመሩ። ከፈረንሳይ አገር ፍየሎችም ዘር አስመጡ። ወተታቸውም ተሻሻለ። ፈረንሳዮች በበኩላቸው የፍየል አይብ ይወዳሉ፤ ትንሽ ሽታ ቢኖረው ዋጋው አይቀንስባቸውም።

በኮን የዘር መመርመሪያ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለቱ ኩባያዎች ይበቃሉ። ወተቷ ዘወትር ጣፋጭ የሆነች እናት ፍየል ካለቻችሁ ቄቧን አትሽጡ። ወንዱንም ግልገሏን ለዘር ብታስቀሩት የልጆቹ ወተት ወደ እርሷ ሊያደላ ይችላል። ዘወትር የምትሸተዋን ግን አታልቧት፤ ግልገሎቿን አሳድጋ ለገበያ ታቅርብ። ጎረቤት አውራ ፍየል ሊያውሳችሁ ሲመጣም ስለ ቁመቱና ስለ ቀንዱ ብቻ አትጠይቁ። እናቱ ምን ዓይነት ወተት እንደነበራት ጠይቁ።